የፈረስ ሥጋ፦ ሐላልነቱና ጤናማነቱ



በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ፈረስ ትልቅ ሀብት ነው። መኪና በማይደርስበት አገር በሽተኛ ያደርሳል፤ እህል ያመላልሳል፤ ለሠርግም ለለቅሶም ይጫናል። ሲያረጅ ወይም እግሩ ሲሰበር ግን ለጅብ ይተዋል እንጂ ሥጋው አይበላም። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ስለማያመሰኳና ሰኮናው ስላልተሰነጠቀ አይበሉትም። እኛም በልማድ ተጸይፈነው ኖረናል። ታዲያ በሸሪዓችን ሐራም ነውን?

ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ በኸይበር ዘመቻ የቤት አህያን ሥጋ ከልክለው የፈረስን ፈቅደዋል። አስማእ ቢንት አቢ በክርም (ረ.ዐ) በነቢዩ ዘመን ፈረስ አርደው መብላታቸውን ተናግረዋል። ሁለቱም ሐዲሦች በቡኻሪና በሙስሊም ይገኛሉ። በዚህ መሠረት ኢማም ሻፊዒይና ኢማም አሕመድ ሐላል ነው ብለዋል። ኢማም አቡ ሐኒፋ ግን በሱረቱ አን-ነሕል 8ኛው አንቀጽ ፈረስ ለመጋለቢያና ለጌጥ መጠቀሱን ይዘው ጠልተውታል።

የአህያ ነገር ግን ከዚህ ጋር አይምታታ። በቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ በ2009 ዓ.ም. በነዋሪዎች ተቃውሞ ሲዘጋ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የተስማማበት ጉዳይ ነበር።

ሐላል መሆኑ ብቻ ግን አይበቃም፤ ጦይብ፣ ማለትም ንጹሕና የማይጎዳ መሆንም አለበት። ጤናማ ፈረስ ታርዶ በእንስሳት ሐኪም ከተመረመረ ሥጋው እንደ ሌላው ሥጋ ነው፤ በካዛኽስታን የተለመደ ምግብ ነው። አደጋው በሦስት በኩል ይመጣል።

አንደኛው በሽታ ነው። አባ ሰንጋ ፈረስንም ይገድላል፤ ቆዳውን የገፈፈውንና ሥጋውን የነካውን ሰው ይይዛል፤ መቀቀልም አያስተማምንም። ሞቶ የተገኘ ፈረስማ በክት ነውና ሐራም ነው።

ሁለተኛው መድኃኒት ነው። ፌኒልቡታዞን የተባለው የፈረስ ሕመም ማስታገሻ በሥጋው ውስጥ ይቀራል፤ አልፎ አልፎም ደም የሚሠራውን የሰው መቅኔ ይጎዳል። በ2013 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ የፈረስ ሥጋ የበሬ ነው ተብሎ ሲሸጥ በተደረሰበት ጊዜ አንዱ ስጋት ይህ ነበር።

ሦስተኛው ጥሬ መብላት ነው። ከ1975 እ.ኤ.አ. ወዲህ በፈረንሳይና በጣሊያን ጥሬ ወይም በደንብ ያልበሰለ የፈረስ ሥጋ የበሉ ከ3,000 በላይ ሰዎች ትሪኪኔላ በተባለ ትል ታመዋል። ቁርጥና ክትፎ ለምንወድ ለእኛ ይህ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው።

እንግዲህ ችግር ያስገደደው ቤተሰብ ቢኖር፣ ፈረሱ ጤነኛ መሆኑን ሐኪም ሳያረጋግጥለት አይረድ፤ ሥጋውንም በደንብ ያብስል። ለጎረቤት የበሬ ነው ብሎ መሸጥ ግን ማታለል ነው፤ የማይበላውን ሰው ሳያውቅ ማብላትም አማናን ማፍረስ ነው። ለዓመታት ተሸክሞን ለደከመ ፈረስም ርኅራኄ አይለየን።

ወላሁ አዕለም።