ለቦሌ ጩኸት አቤት የሚባለው ወዴት ነው?



የመርካቶው ዱባይ ተራ ስሙን ያገኘው ከአውሮፕላን ነው ብንል ብዙ አላጋነንም። ነጋዴው ባዶ ሻንጣ ይዞ ሄዶ ሙሉ ሻንጣ ይዞ ባይመለስ፣ መጀመሪያ ወደ ዱባይ ኋላም ወደ ጓንዡ ባይመላለስ ኖሮ ይህ ተራ በዚህ ስም አይጠራም ነበር። ስለዚህ ፓርቲያችን በዚህ ጽሑፍ ስለ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሲናገር እንጀራውን እንደሚረግጥ ሰው ሆኖ አይደለም። አየር መንገዳችን በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ካደረገ ወዲህ ንጉሡም፣ ደርጉም፣ ኢሕአዴግም አልፈዋል። እርሱ ግን አለ። የሕዝብ ሀብት ነውና ማንም ገዥ ፓርቲ የራሱ ጌጥ አድርጎ ሊያሳየን አይገባም።

ነገር ግን ያው የዱባይ ተራ ነጋዴ ማታ ሱቁን ዘግቶ ወደ ቤቱ ይገባል። ቤቱ ገርጂ፣ ጎሮ ወይም ቦሌ ቡልቡላ ከሆነ ቀን ያበላው አውሮፕላን ሌሊት እንቅልፍ ይነሳዋል። መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ ሕፃኑ ይነቃል፣ ለፈተና የሚያጠናው ልጅ ደብተሩን ዘግቶ ይጠብቃል። በሽተኛ ያለበት ቤትማ ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። ይህ ሰው ነገ ጠዋት ተነሥቶ «ለማን ልንገር?» ቢል መልስ የሚሰጠው የለም። የእኛም ጥያቄ ይኸው ነው።

ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ በግልጽ እንነጋገር። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ስለሆነም የተጫነ አውሮፕላን ረጅም መንገድ አኮብኩቦ ይነሣል፣ ከተነሣም በኋላ ቶሎ ከፍ አይልም፤ በየቤቱ ጣሪያ ላይ ዝቅ ብሎ ብዙ ይጓዛል። ሁለተኛው ምክንያት የአሠራር ነው። አየር መንገዱ መንገደኛን ከአፍሪካ ከተሞች ማታ ሰብስቦ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ወደ አውሮፓ፣ ወደ ዓረብ አገሮችና ወደ እስያ ያከፋፍላል። ጠዋት ደግሞ የመጡትን ተቀብሎ ወደ አፍሪካ ይበትናል። ትርፉ የተመሠረተው በዚህ ቅብብል ላይ ነው። የጥገና ማዕከሉም እዚያው ቦሌ ግቢ ውስጥ ነው።

ስለዚህ «እኛን ከመረጣችሁ የሌሊት በረራ እናስቆማለን» ብለን አንዋሻችሁም። የጀርመኗ ፍራንክፈርት ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት መደበኛ በረራ እንዳይኖር አድርጋለች። አዲስ አበባ ይህን እንዳለ ብትቀዳ ቅብብሉ ይቆረጣል፣ የብዙ ሺህ ሠራተኛም እንጀራ ይነካል። በበረራ ክልከላና ዝም ብሎ በመቻል መካከል ግን ብዙ የሚሠራ ሥራ አለ። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ1994 ዓ.ም. ለአባል አገሮች አራት መንገድ አመላክቷል፤ ድምፃቸው ዝቅ ባሉ አውሮፕላኖች መጠቀም፣ በማረፊያው ዙሪያ ያለውን መሬት በዕቅድ መያዝ፣ የመነሻና የማረፊያ አበራረርን ማስተካከል፣ በመጨረሻም ገደብ መጣል። አየር መንገዱ አዳዲስ አውሮፕላኖችን በመግዛት በመጀመሪያው በኩል በርትቷል፤ ይህን መመስከር አይከብደንም። በሁለተኛው በኩል የወደቀው የከተማው አስተዳደር ነው። ቦሌ ዙሪያ መሬት ሲመራና በሊዝ ሲቸበቸብ ገዥው «በላይህ ላይ አውሮፕላን ያልፋል» ተብሎ ተነግሮት ያውቃል?

እዚህ ላይ ዱባይ ተራን እንደገና እናንሣ። አንድ ባለ ሱቅ ደንበኛ ለመጥራት ሞንታርቦ በር ላይ አውጥቶ ቢያስጮህ ደንብ አስከባሪ ይመጣበታል። የከተማው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በድምፅ ብክለት ጭፈራ ቤቶችን ሲያሽግ በየጊዜው ሰምተናል። ደግ አደረገ። መመዘኛው ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል፤ ለንግድ ቦታ ቀን 65፣ ሌሊት 55 ዴሲቤል ነው ተብሎ ወጥቷል። መመዘኛው ለሞንታርቦ ከሠራ ለመንግሥት ንብረትም መሥራት አለበት። ሕግ በድሃው ሱቅ በር ላይ ብቻ የሚያገሣ ከሆነ ሕግ መባሉ ይቀራል።

ሕጉማ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ሰጥቷል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በእኔ ላይ ደርሷል ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ፈቀደ። በ30 ቀን ውስጥ መልስ ካጣ ወይም በመልሱ ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ እንደሚችል ደነገገ። ይህን መብት ስንት የጎሮ ነዋሪ ያውቀዋል? ማንስ ነገረው?

ችግሩ ወረቀቱ ላይ አይደለም፣ ወረቀቱን የሚቀበለው እጅ ላይ ነው። በ2009 ዓ.ም. የኤርፖርቶች ድርጅት በአየር መንገዱ ግሩፕ ሥር እንዲጠቃለል ተደረገ። ከዚያ ወዲህ የሚያርፈውም የሚያሳርፈውም አንድ ሆነ። ሁለቱም የመንግሥት ናቸው፤ የሚቆጣጠራቸው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንም የመንግሥት ነው። ከሳሹ ነዋሪ ሲሆን ተከሳሹና ዳኛው ከአንድ ቤት ይወጣሉ።

«ቢሾፍቱ ላይ አዲስ እየተሠራ ነው፣ ታገሡ» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። እውነት ነው፣ ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. አቡሴራ ላይ ሥራው በይፋ ተጀምሯል። በመጀመሪያው ምዕራፍ 60 ሚሊዮን፣ ሲጠናቀቅ 110 ሚሊዮን መንገደኛ በዓመት እንዲያስተናግድ የታሰበ፣ 12.5 ቢሊዮን ዶላር ወጪ የተነገረለት ሥራ ነው። ቦሌ በጥር 2011 ዓ.ም. ማስፋፊያው ሲመረቅ አቅሙ 22 ሚሊዮን ሆኗል ተብሎ ነበር፤ እንደገና ጠበበ። እኛ አዲስ ማረፊያ አያስፈልግም አንልም። ነገር ግን ወደ ኋላ እናስብ። ዛሬ ኦልድ ኤርፖርት እያልን የምንጠራው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከልደታ ማረፊያ ነው። በ1955 ዓ.ም. የቦይንግ ጄቶች ሲመጡ ልደታ አልበቃምና ወደ ቦሌ ተዛወርን፤ ያኔ ቦሌ ከከተማ ውጭ ነበር። ከተማው ተከትሎት ሄዶ ከበበው። አቡሴራስ? ዙሪያው ዛሬውኑ በሕግ ካልተከለለ የልጅ ልጆቻችን ይህንኑ ጽሑፍ ስለ ቢሾፍቱ ይጽፉታል።

የአቡሴራን ገበሬዎችም እንዳንረሳ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው በሚባልበት ሥርዓት ገበሬው በገዛ ማሳው ላይ ተደራዳሪ አይደለም፤ የሚነገረውን ሰምቶ ይነሣል። የካሳው አተማመን ለራሳቸው ለተነሺዎቹ በዝርዝር እንዲታይ እንጠይቃለን።

ፓርቲያችን የሕዝብ ድምፅ ካገኘ ከአየር መንገዱም ከሲቪል አቪዬሽንም የተለየ፣ ተጠሪነቱ ለተወካዮች ምክር ቤት የሆነ የአውሮፕላን ማረፊያዎች አቤቱታ ሰሚ ያቋቁማል። በገርጂ፣ በጎሮ፣ በቡልቡላና በሳሪስ የድምፅ መለኪያ አስተክሎ ውጤቱን በየወሩ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ ያስለጥፋል። የሞተር ፍተሻ በሌሊት እንዳይደረግ፣ ሌሊት የሚነሡ አውሮፕላኖችም በተቻለ መጠን ቤት ባልበዛበት አቅጣጫ እንዲወጡ በመመሪያ ያስገድዳል። ከማረፊያው አቅራቢያ ላሉ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ድምፅ የሚከላከል መስኮት ከማረፊያው ገቢ ይሠራላቸዋል። ወጪው ለነዋሪው አይጫንም።

ለዱባይ ተራ ነጋዴዎችም አንድ ቃል አለን። ማረፊያው 40 ኪሎ ሜትር ሲርቅ የጭነት ዋጋ ማን እንደሚሸከም እስካሁን በግልጽ ሲነገር አልሰማንም። ጓዙን ከጉምሩክ የሚያስለቅቀው ነጋዴ ለእያንዳንዱ ካርቶን አቡሴራ ድረስ እንዳይንከራተት የጉምሩክ ቅርንጫፍ በከተማው ውስጥ እንዲቀር እንታገላለን። ቦሌ ግቢ ወደፊት ምን እንደሚሆን፣ መናፈሻ ይሁን ቤት ወይም የአገር ውስጥ በረራ፣ ከሊዝ ጨረታ በፊት በከተማው ምክር ቤት በአደባባይ ክርክር እንዲወሰን እናደርጋለን፤ ለክርክሩም የገርጂ ነዋሪና የመርካቶ ነጋዴ በእኩል ይጠራሉ።