አንድ ቀላድ ለብዙ አገር

ሸማ በክንድ በሚለካበት ዘመን የገበያው ክርክር በዋጋው ብቻ አልነበረም፤ በማን ክንድ ይለካ የሚለውም ራሱን የቻለ ሙግት ነበር። ሻጩ አጭር ክንዱን ሲዘረጋ ገዢው ክንደ ረጅም ዘመዱን ይጠራል። መሬትም በቀላድ ሲጣል የጋሻ ስፋት እንደ አገሩና እንደ መሬቱ ለምነት ይለያይ ስለ ነበር፣ «አንድ ጋሻ አለኝ» ያለውን ሰው ስለ ሀብቱ ከማድነቅ በፊት «ጋሻው የት አገር ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልግ ነበር።

ሜትርና ሄክታር ከገቡ ወዲህ ይህ ሁሉ ያለፈ ነገር ይመስለን ነበር። ነገር ግን ትምህርታችንን ጨርሰን ሥራ በጀመርንበት ዓመት የገጠመን ጉዳይ ቀላዱ ዛሬም ከእጃችን እንዳልወጣ አስረዳን።

ስሙን መጥራት በማያስፈልገን በአንድ መሥሪያ ቤት፣ የተቆፈሩ የውሃ ጉድጓዶችን በካርታ ላይ እንድናሰፍር ታዘዝን። የጉድጓዶቹ ቦታ በጂ.ፒ.ኤስ. ተለክቶ በቁጥር ተጽፎ መጥቷል። ካርታው ግን ቀድሞ በ1 ለ50,000 መጠን የታተመ ነበር። ቁጥሩን እየተከተልን ነጥቡን ብናኖር ከወንዙ ወዲህ ባለው መንደር የተቆፈረው ጉድጓድ ከወንዙ ማዶ አረፈ። እኛም ያስተዋልነው ነገር አልነበረምና ካርታውን አስረከብን። ፓምፕ የጫነው መኪና በማዶው መንገድ ሄዶ ጉድጓዱን ሲፈልግ ውሎ ባዶውን ተመለሰ። አንዱ ቆፋሪውን ወቀሰ፤ ሌላው የለካውን ወቀሰ፤ አለቃችንም እኛን ወቀሱ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ቀያሽ መጡና «ልጆቼ፣ ጉድጓዱም ወንዙም ከቦታቸው አልተነሡም፤ የተለያየው የልካችሁ መነሻ ነው» አሉን። ይህ እስኪታወቅ ድረስ የመንደሩ ሴቶች እንስራቸውን አዝለው ወደ ወንዝ ይወርዱ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በምድር ላይ ያለ ማንኛውም ቦታ በቁጥር የሚገለጸው ከአንድ ከታወቀ መነሻ ተነሥቶ ነው፤ ባለሙያዎች ዳተም ይሉታል። የአገራችን ነባር ካርታዎች የተመሠረቱት በአዲንዳን መነሻ ላይ ነው፤ ይህም ልክ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961 በዓባይ ሸለቆ በተደረገው ጥናት ጊዜ ወደ አገራችን ተዘረጋ። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ጂ.ፒ.ኤስ. ደግሞ የራሱ የሆነ ዓለም አቀፍ መነሻ አለው። በአገራችን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ200 ሜትር ይበልጣል። ይህ ለአውሮፕላን ተሳፋሪ ምንም አይደለም፤ ለጉድጓድ፣ ለድልድይና ለገበሬ ድንበር ግን ብዙ ነው።

ወሰን ስንሻገር ነገሩ ይብሳል። የጎረቤታችን የኬንያ ነባር ካርታዎች አርክ 1960 በሚባል በሌላ መነሻ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ በሞያሌ ላይ ያለችውን አንዲት ድንጋይ በሁለቱ መነሻዎች ብንጽፋት በቁጥሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ወደ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከብቱ፣ ዝናሙና በሽታው ወሰን ሳያግዳቸው ሲሻገሩ ካርታዎቹ ግን መነጋገር አልቻሉም።

የጋራ ልክ አለመኖር የሚጎዳው በቁጥር ብቻ አይደለም፤ በስምም ነው። አንዲት ከተማ በላቲን ፊደል በአራት ዓይነት ተጽፋ በአራት መዝገብ ላይ እንደ አራት ከተማ ስትቆጠር ያላየ የቢሮ ሠራተኛ ያለ አይመስለንም። የተባበሩት መንግሥታት የቦታ ስሞችን ጉዳይ ለማስተካከል የመጀመሪያውን ጉባኤ በ1967 በጄኔቫ ሲያደርግ፣ አማርኛ በላቲን ፊደል የሚጻፍበትን ሥርዓትም አጽድቆ ነበር። ሕጉ ከተጻፈ ግማሽ ምእተ ዓመት አልፎታል፤ እኛ ግን ዛሬም እያንዳንዳችን ጆሯችን እንደ ሰማው እንጽፋለን።

ታዲያ ድኻ አገሮች ተባብረው አንድ ልክ ማቆም ይችላሉን? ይችላሉ፤ ማስረጃም አለን። የደቡብ አሜሪካ አገሮች በ1993 በፓራጓይ ዋና ከተማ በአሱንሲዮን ተሰብስበው ሲርጋስ የተባለውን የጋራ መነሻ ለማቆም ተስማሙ። በ1995 በ58 ነጥቦች ላይ በአንድ ወቅት ለኩ። ብራዚል በ2005 አዲሱን መነሻ ሕጋዊ ስታደርግ የቀድሞውን ካርታ በአንድ ቀን አልጣለችም፤ የዐሥር ዓመት መሸጋገሪያ ሰጥታ ከ2015 ጀምሮ በአዲሱ ብቻ መሥራት ጀመረች። ስምምነት፣ ልኬት፣ ሕግ፣ ትዕግሥት፤ ሥራው በዚህ ተራ ሄደ።

ከራሳችን አካባቢም ምሳሌ አለን። ከ2019 እስከ 2021 የበረሓ አንበጣ ምሥራቅ አፍሪካን በወረረ ጊዜ፣ ወረራው በኢትዮጵያና በሶማሊያ በ25 ዓመት፣ በኬንያ በ70 ዓመት ያልታየ ነበር። በየአገሩ መስክ ላይ የነበሩት ሠራተኞች ያዩትን መንጋ ኢሎከስት በሚባል መሣሪያ፣ በአንድ ዓይነት ቅጽና በአንድ ዓይነት የቦታ ልክ እየመዘገቡ ይልኩ ነበር፤ የዓለም የእርሻና የምግብ ድርጅትም መንጋው ነገ ወዴት እንደሚያመራ ከዚያ ተነሥቶ ይተነብይ ነበር። እያንዳንዱ አገር በየራሱ ቅጽ ቢጽፍ ኖሮ አንበጣው ከመዝገቡ ቀድሞ ማሳው ላይ በደረሰ ነበር።

«ዳቦ ያልጠገበ አገር ስለ ካርታ መነሻ ምን አገባው?» የሚሉን አሉ። እኛ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው እንላለን። ባለጸጋ ሁለት ጊዜ ቢለካ ይችላል፤ ድኻ ግን አንድ ጊዜ የለካውን ለዐሥር ሥራ ማዋል አለበት። የመንገዱ ባለሥልጣን የለካውን ጤና ጥበቃው ሊጠቀምበት ካልቻለ፣ ለአንድ ኮረብታ ሁለት ጊዜ አበል እየከፈልን ነው ማለት ነው።

«መስፈርቱ የባዕዳን ነው» የሚሉም አሉ። እውነት አላቸው፤ ግን እውነታቸው ግማሽ ነው። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት የጂኦግራፊ መረጃን የሚመለከተውን ኮሚቴ ካቋቋመበት ከ1994 ጀምሮ ብዙውን ረቂቅ የሚያዘጋጁት ባለጸጎቹ አገሮች ናቸው። ስለዚህ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ለመጻፍ የተሰናዳው ቅጽ፣ ከወቅቱ ጋር የሚንቀሳቀሰውን የአርብቶ አደር ግጦሽ፣ በበጋ የሚደርቀውን ወንዝና በፊደላችን የተጻፈውን የመንደር ስም የት ላይ እንደሚያሰፍር ይጨንቀዋል። መድኀኒቱ ግን ገበታውን ጥሎ መሄድ አይደለም። ወንበራችንን ባዶ ትተን ስለ ወጡ ጨው ማጉረምረም አይገባንም።

ሦስተኞቹ ደግሞ «ካርታ የአገር ምሥጢር ነው» ይላሉ። ምሥጢር የሆነው ይጠበቅ፤ ግን የጋራ ሚዛን መያዝ ጎተራን ከፍቶ መስጠት አይደለም። ኪሎ የሚጠቀም ነጋዴ ሁሉ እህሉን ለጎረቤቱ አስረክቧልን?

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በየካቲት 26 ቀን 2015 ዓለም በአንድ የምድር ልክ መነሻ እንዲጠቀም ውሳኔ አሳልፏል። የአፍሪካ አገሮችም አፍሬፍ ብለው የሰየሙት የጋራ እቅድ አላቸው። በ1975 በናይሮቢ የተቋቋመው የካርታ ሥራ ማእከልም ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። እንግዲህ የጎደለው ውሳኔ አይደለም፤ ውሳኔውን በየጠረጴዛው ላይ የሚሠራው ሰው ነው። ያም ሰው ይህን ጋዜጣ የሚያነበው ተማሪና ወጣት ሠራተኛ ነው።

ስለዚህ ከነገ ሰኞ ጀምሮ እንዲህ እናድርግ። ከእጃችን የሚወጣ ማንኛውም ካርታና የቦታ ዝርዝር አራት ነገር ሳይጻፍበት አይውጣ፤ የልኩ መነሻ፣ የተለካበት ቀን፣ የለካው ክፍልና የተለካበት መሣሪያ። የቦታ ስም በአገሩ ፊደል ይጻፍ፤ በላቲን ሲጻፍም በታወቀው ሥርዓት ይሁን። ይህን ለማድረግ በጀት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ግማሽ መስመር ቀለም ነው። እኛ ያንን ግማሽ መስመር ባለመጠየቃችንና ባለመጻፋችን አንድ መንደር ውሃው ዘግይቶበታል፤ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ግን በዚያው ሊሰናከሉ አይገባም።