ከባትሪ ግዢ በፊት ቴስተር

መኪና ጠዋት አልነሳ ሲል ብዙ ባለንብረት ቶሎ አዲስ ባትሪ ይገዛል፤ በሳምንቱ ያው መኪና መልሶ ይገፋል። ከግዢው በፊት ቴስተር መቅደም አለበት። ጤነኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አድሮ ሲለካ 12.6 ገደማ ያሳያል፤ በአብዛኛው መኪና ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ንባቡ ወደ 14 ካልተጠጋ ዲናሞው ወይም ቺንጋው ይፈተሽ። አንዳንዴማ የባትሪው ጫፍ ላይ የተጋገረው ነጭ ዱቄት ተጠርጎ ማሰሪያው ሲጠብቅ መኪናው ይነሳል። በመኪና ኤሌክትሪክ ጥገና ግን ከሁሉም የከፋው ስህተት በተቃጠለ ፊውዝ ቦታ የመዳብ ሽቦ መጠምጠም ነው። ባለ 10 አምፔር ፊውዝ የሚበጠሰው መስመሩ እንዳይነድ ነው፤ ወፍራሙ ሽቦ ግን አይበጠስም፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው ገመድ ግሎ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ እሳትም ሊነሳ ይችላል። ይህን የሚያደርግ ባለሙያ በተሳፋሪው ሕይወት ላይ እየፈረደ ነው፤ ትክክለኛው ፊውዝ እስኪገባና ያቃጠለው ምክንያት እስኪገኝ መኪናው ይቁም።