ከበረዶው ሥር የተገኘ ቍጥር

አንባቢ ሆይ፤ በመሥሪያ ቤትህ መዝገብ ላይ ወይም በትምህርት ቤት ደብተርህ ላይ በየቀኑ ቍጥር ስትጽፍ፣ «ይህ ሁሉ ልፋት ለማን ይጠቅማል?» ብለህ ሳታማርር አልቀረህም። እኔም ደብተር ሳርም እንዲሁ እላለሁ። ስለዚህ ዛሬ በበረዶ ባሕር ላይ ቍጥር ሲጽፍ ስለ ኖረ ሰው ላጫውትህ። ዓመታቱን በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ።

ሃራልድ ስቨርድሩፕ በ1888 በኖርዌይ ተወለደ። በ1918 ዝነኛው አሳሽ ሮአልድ አሙንድሰን «ማውድ» በምትባል መርከብ ወደ ሰሜን ሲጓዝ፣ የሳይንሱን ሥራ እንዲመራ ስቨርድሩፕን ይዞት ሄደ። አሳባቸው መርከቢቱ በበረዶ ተይዛ፣ ከበረዶው ጋራ እየተንሳፈፈች በሰሜን ዋልታ በኩል እንድታልፍ ነበር።

ነገሩ እንደ ታሰበው አልሆነም። በ1919 ደብዳቤና የጥናት ወረቀት ይዘው የተላኩ ሁለት መርከበኞች በመንገድ ሞቱ። አሙንድሰንም በ1922 በአውሮፕላን ሊሞክር መርከቢቱን ትቶ ሄደ። ስቨርድሩፕ ግን እስከ 1925 ድረስ ቈየ። መርከቢቱም ዋልታው ዘንድ ሳትደርስ ተመለሰች።

ታዲያ በሰባቱ ዓመት ምን ሠራ? በረዶውን ይበሳል፤ በቀዳዳው መሣሪያ በገመድ ያወርዳል፤ የውሃውን ሙቀት፣ ጨዋማነትና የፍሰቱን አቅጣጫ ለክቶ ይጽፋል። በማግሥቱም እንደዚሁ። የበረዶውን ጠባይ ደግሞ ረዳቱ ፊን ማልምግሬን ያጠና ነበር። የባሕር ውሃ የሚረጋው ከዜሮ በታች 1.8 ዲግሪ ግድም ሲደርስ ነው፤ ሲረጋም ጨዉን ይተፋል። ስለዚህ ዓመታት ያስቈጠረ የባሕር በረዶ ቀልጦ ይጠጣል። የተተፋው ጨው ከሥር ያለውን ውሃ ስለሚያከብደው፣ ውሃው ወደ ጥልቁ ይሰምጣል።

በዚያ ዘመን አንድ አሜሪካዊ ሊቅ፣ በሰሜኑ ዳርቻ የባሕሩ ሙላትና ጕድለት ደካማ መሆኑን አይቶ፣ ከዋልታው አጠገብ ገና ያልታየ ሰፊ ምድር አለ ብሎ ነበር። ስቨርድሩፕ ቍጥሮቹን ሲያገናኝ ግን፣ ሙላቱን የሚያደክመው ስውር ምድር ሳይሆን፣ ጥልቀት በሌለው ባሕር የሚያገኘው ሰበቃና የምድር መሽከርከር መሆኑን አስረዳ። በ1926 አሙንድሰን «ኖርጌ» በምትባል የአየር መርከብ በዋልታው ላይ አልፎ አላስካ ሲደርስ፣ በመንገዱ አዲስ ምድር አላየም። አለቃው ከሰማይ ያየውን፣ ስቨርድሩፕ በገመድና በእርሳስ ደረሰበት።

ከዚያ ወዲያ ስቨርድሩፕ ከ1936 እስከ 1948 በካሊፎርኒያ የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋምን መራ። በጦርነቱም ጊዜ ከተማሪው ከዋልተር መንክ ጋራ የማዕበልን ከፍታ አስቀድሞ የመገመት ዘዴ አወጣ፤ ዘዴውም በ1944 ለኖርማንዲው ማረፊያ አገለገለ። ኋላም በኖርዌይ የዋልታ ጥናት ተቋምን ሲመራ በ1957 ዐረፈ። ዛሬ የውቅያኖስ ፍሰት የሚለካው በስሙ ነው፤ አንድ ስቨርድሩፕ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ነው።

በ2019 «ፖላርሽተርን» የተባለች የጀርመን መርከብ እንዲሁ በበረዶ ተይዛ ልትንሳፈፍ ሄደች። ሊቃውንቱም እንደ ስቨርድሩፕ በረዶ በስተው መሣሪያ አወረዱ። ከ1979 ወዲህ በሳተላይት ሲታይ የበጋው በረዶ እጅግ ቀንሷልና፣ ከሥሩ ያለው ውሃ ምን ያህል እንደ ተለወጠ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህንም ለማወቅ ጥንት የተለካው ቍጥር የግድ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ነገ መዝገብህን ስትከፍት ቀኑን አትርሳ፤ ቍጥሩንም አስተካክለህ ጻፍ። ዛሬ ባዶ የተውኸውን መስመር፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚፈልገው ሰው ከየትም አያመጣውም።