የቆመው የባቡር መንገድ ለማን ይሁን?

በዚህ እትም የማነሳው ነገር ከእኛ ራቅ ያለ ይመስላል። እኛ ጋ «ባቡር» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ወፍጮ ነው። «እህሉን ባቡር አድርሰህ ና» እንባላለን እንጂ በሐዲድ ላይ የሚሄደውን አብዛኞቻችን ያየነው በሥዕል ነው። ቢሆንም አንብቡልኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ፎገራ ሜዳ ይመጣል።

ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው አሮጌው የምድር ባቡር መስመር ወደ 780 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። አፄ ምኒልክ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ምኒልክ ያረፉት በ1906 ስለሆነ ባቡሩ ከተማቸው ሲገባ አላዩትም፤ ይሄ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ድሬዳዋ ራሷ የተቆረቆረችው በባቡሩ ምክንያት ነው። «ለገሃር» የሚለው ስምም በፈረንሳይኛ «ጣቢያው» ማለት ነው። በኋላ ባቡሩ እያረጀ መጣና ቆመ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡር ሲመረቅ መነሻው ለቡ ሆነ፣ የሚሄደውም በሌላ ሐዲድ ነው። በኅዳር 2011 ደግሞ ለገሃር አካባቢ ትልቅ የመኖሪያና የንግድ መንደር ሊሠራ መሆኑ ይፋ ተደረገ።

ለጣቢያው ሕንፃ የሚቆረቆር ሰው አይጠፋም፤ ያምራል፣ ፎቶም ይነሱበታል። ሐዲዱ ያለፈበት ቀጭን መሬት ግን ምኑ ያምራል? ድንጋይና ዝገት ነው። ለዚህ ነው እኔ የምፈራለት።

የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው። በአዲስ አበባ ውስጥ አሮጌው ባቡር ይሄድበት የነበረው መሬት ሳይቆራረጥ የሕዝብ መናፈሻ ተብሎ በሕግ ይከለል። ዛፍ ይተከልበት፣ የእግርና የብስክሌት መንገድ ይኑረው፣ ሐዲዱም እዚህም እዚያም ሳይነቀል ይቅር፤ ልጆች እንዲያዩት።

ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው «ሰው የሚያድርበት አጥቶ አንተ ስለ ሣር ታወራለህ?» አለኝ። ቀላል ጥያቄ አይደለም። ግን በሒሳብ የተማርነውን ዙሪያና ስፋት አስታውሱ። እያንዳንዱ ጎኑ 100 ሜትር የሆነ ካሬ መሬት ስፋቱ 10,000 ካሬ ሜትር፣ ዙሪያው 400 ሜትር ነው። ወርዱ 10 ሜትር፣ ርዝመቱ 1,000 ሜትር የሆነ መሬትም ስፋቱ ያው 10,000 ነው፤ ዙሪያው ግን 2,020 ሜትር ይሆናል። ከአምስት እጥፍ በላይ! እንግዲህ ቀጭኑ መሬት መናፈሻ ቢሆን ያን ያህል የብዙ ሰው ደጃፍ ይነካል ማለት ነው። ለቤት ለቤትማ ካሬው ይሻላል። ደግሞ በሐዲዱ ዳር ላስቲክ ወጥረው የሚኖሩ ካሉ መጀመሪያ ቦታ ይሰጣቸው፤ ድሃ አባርሮ አበባ መትከልን እኔም አልደግፍም።

«ባቡሩ ተመልሶ ቢመጣስ?» የሚልም ይኖራል። ይምጣ! ሣር ያለበት ቦታ ላይ ሐዲድ መመለስ ይቻላል፣ ፎቅ ከቆመበት በኋላ ግን ማን ይመልሰዋል?

በሌላ ሀገርም ተሠርቷል። ኒውዮርክ ውስጥ ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ የባቡር መንገድ ነበረ፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980 ሥራ አቆመ። ይፍረስ ሲባል ነዋሪዎች ተደራጅተው ተከራከሩ፤ በ2009 መናፈሻ ሆኖ ተከፈተ፣ ስሙም ሃይ ላይን ይባላል። ሲንጋፖርም በ2011 ባቡር የቆመበትን 24 ኪሎ ሜትር መንገድ ለእግረኛና ለአረንጓዴ ቦታ አቆይታዋለች። ሲንጋፖር እኮ መሬት የሚጠባት ትንሽ ደሴት ናት።

አሁን ወደ ሜዳችን ልመለስ። ፎገራ በከብቱ ስሙ የታወቀ ነው፤ ሜዳውም የከብት መዋያ ነበር። ሩዝ ከመጣ ወዲህ የወል ግጦሹ እየጠበበ ሄደ። ሩዙ ጠቅሞናል፣ አልክድም፤ የእኔም ደብተር የሚገዛው በሩዝ ነው። ግን ግጦሹ ያለቀው በአንድ ቀን አይደለም። አንዱ አንድ ትልም ይገፋል፤ ጎረቤቱ «እሱ ከገፋ እኔስ ምን ቀረኝ?» ብሎ ሁለት ይገፋል። ከብት የምንጠብቅ ልጆች እናውቀዋለን፤ ማሳልፈያው ጠቦ ከብቱ የሰው ሩዝ ሲነካ የሚቆጡት ድንበር የገፋውን ሰውዬ ሳይሆን እረኛውን ነው። የባቡር መንገድ ደግሞ ከሜዳም ይብሳል። ሜዳ ዳር ዳሩ ቢቆረስ መሀሉ ይተርፋል። ቀጭን መሬት ግን መሀሉ ላይ አንድ መጋዘን ከተሠራበት የተበጠሰ ገመድ ነው፤ ወዲህም ወዲያም አያገናኝም። ስለዚህ መጀመሪያ ችካሉ ይተከል፣ ካርታው ይውጣ፤ ዛፉ ገንዘብ ሲገኝ ይደርሳል።

በነገራችን ላይ በሀገሪቱ የባቡር አውታር ዕቅድ ውስጥ የወረታም ስም አለ። ሐዲዱ በእኛ ዕድሜ ቢመጣ ከጎኑ ለእግረኛና ለከብት የሚሆን ቦታ አብሮ እንዲታሰብ የሚጠይቁት ያኔ የሚያድጉት የዛሬ ተማሪዎች ናቸው።

ጓደኛዬ እስካሁን አልተስማማም፤ መልሱን ለሚቀጥለው እትም እጽፋለሁ ብሏል። እናንተም፣ መምህራንም ጭምር፣ የምትሉት ካለ ለክበቡ ስጡን። ከአንድ ገጽ አይብለጥ ግን፤ የምንገለብጠው በእጃችን ነው።