ነጋሪት ያልተጎሰመለት አዋጅ

በቀድሞው ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝቡ የሚያስተላልፈው ትእዛዝ ሲኖር፣ ትእዛዙ ደስታን የሚያመጣም ይሁን ግብርን የሚያከብድ፣ አስቀድሞ ነጋሪት በገበያ መካከል ይጎሰም፣ አዋጅ ነጋሪውም ያዘዘው ማን እንደ ሆነ በስም ጠርቶ ቃሉን ያሰማ ነበር፤ ሰሚው ቢወድ ይመርቃል፣ ቢጠላ በልቡ ይረግማል፣ የሚረግመውን ግን ያውቀዋል። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሕጎቻችን የሚታተሙበት ጋዜጣ በዚሁ መሣሪያ ስም «ነጋሪት» መባሉ፣ ሕዝብ ባልሰማው ነገር ሊታዘዝም ሊቀጣም አይገባውም የሚለውን ጥንታዊ አሳብ ወደ ማተሚያ ቤት ለማሻገር ታስቦ ይመስለኛል።

የዚህ ጸሐፊ አቤቱታ ነጋሪት ስላልተጎሰመለት ስለ አንድ ትእዛዝ፣ ይኸውም ኢንተርኔትን ስለ መዝጋት ነው። በ2011 ዓ.ም. ሰኔ በፈተና ሰሞን፣ በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት በመላው አገር ሦስት ሳምንት ያህል፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል አገልግሎቱ ሲቋረጥ፣ ሰው ስልኩን እያገላበጠ «ኔትወርክ የለም» ከማለት በቀር፣ የፈራሚው ስምና የሕጉ ቁጥር የሰፈረበት ወረቀት ለማንበብ አልታደለም።

ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በ2011 ዓ.ም. ክረምት በዚሁ ጉዳይ ተጠይቀው፣ ኢንተርኔት ውኃም አየርም አይደለም የሚል መልስ ሰጥተው ነበር። እውነት ነው፤ ወረቀትም ውኃ አይደለም፣ ቀለምም አየር አይደለም። ዳሩ ግን የ1923ቱ ሕገ መንግሥት፣ ሕዝቡን ገና «ተገዥ» እያለ በሚጠራበት በዚያ ዘመን እንኳ፣ ሕግ ካልፈቀደ በቀር የሰው ደብዳቤ ምሥጢር እንዳይደፈር ደንግጎ ነበር፤ የ1948ቱም በ42ኛው አንቀጹ፣ የአስቸኳይ ጊዜ ካልታወጀ በስተቀር መጻጻፍ እንዳይመረመር ከለከለ፤ የ1987ቱ ደግሞ በ26ኛው አንቀጽ ይህንኑ ጥበቃ ወደ ስልክና ወደ ኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ አሳድጎ፣ አስገዳጅ ሁኔታና ዝርዝር ሕግ ካልተገኘ ባለሥልጣን እጁን እንዳያስገባ አዘዘ። በንጉሡ ዘመን ደብዳቤ አልተከፈተም ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን የዚያ ዘመን መርማሪ ደብዳቤውን ከፍቶ ቢያንስ ያነበው ነበር፤ ክፉ የመሰለውን አስቀርቶ የቀረውን ያሳልፈው ነበር። መስመር የሚዘጋው ግን ምንም አያነብም፤ ሁከት ጠሪውን፣ የመድኃኒት ትእዛዝ የሚልከውን ሐኪምና ለልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ የምትልከውን እናት በአንድ ፍርድ ይቀጣል።

የትግራይ ነገር ከሁሉ ይከብዳል። ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር መገናኛው ተቋረጠ፤ ማን እንደ ቆረጠውም ወገኖቹ እርስ በርሳቸው ተካሰሱ። ሁለት ዓመት አልፎ፣ የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈርሞ ወር ሳይሞላው፣ የተባበሩት መንግሥታት 17ኛው የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ ከኅዳር 19 እስከ 23 በአዲስ አበባ ተቀመጠ፤ የዓለም ሊቃውንት በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አዳራሽ ሰው ሁሉ ከመረቡ ስለሚገናኝበት መንገድ ሲመክሩ፣ ያው መረብ በዚያችው አገር ሰሜን ገና አልተመለሰም ነበር። በእኛ ልማድ መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ በአጠገብ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። በዋሽንግተን ወይም በጅዳ የሚኖር ልጅ ግን፣ መስመሩ ሲከፈት በመጀመሪያ የሰማው ድምፅ የወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ የቆየ መርዶ ነበር፤ ተዝካሩ የሚወጣበት ቀን እንኳ አልፎበት።

በዚያው ዓመት ደግሞ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አየን። በጥር ወር በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተነሣው የሢመተ ጳጳሳት ክርክር ምክንያት ቅዱስ ሲኖዶስ ውግዘት ሲያስተላልፍ፣ ውግዘቱን የደገፈም የተቃወመም ሁሉ ማን እንዳወገዘ፣ ማን እንደ ተወገዘና በምን ምክንያት እንደ ሆነ በአደባባይ ተነግሮት ሰማ። በየካቲት መጀመሪያ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ሲታገዱ ግን፣ እገዳው አምስት ወር ያህል ሲቆይ፣ ይህን ያገድሁ እኔ ነኝ ብሎ ትእዛዙን ለሕዝብ ያሳተመ ባለሥልጣን አልተገኘም። ግዝት እንኳ ስምና ምክንያት ሲኖረው፣ የመንግሥት ሥራ ስም አልባ ሆኖ ማየት ለእኔ ግራ ነው።

ሐሰተኛ ወሬ ሰው አያስገድልም የሚል ቢኖር አልሰማውም፤ በዐይናችን ያየነው ነገር ነውና። ለዚህ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ የራሱ ጉድለት ቢኖርበትም፣ ተናጋሪውን ለይቶ ይከስሳል፤ የማኅበራዊ መገናኛ ድርጅቶችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ክፉውን ጽሑፍ እንዲያነሡ ያዝዛል። መስመር በተዘጋበት ጨለማ ግን ወሬ አይሞትም፤ ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር ይወፍራል፣ ሐሰት ነው ብሎ የሚመልሰውም መንገድ አብሮ ተዘግቷል።

እንደ እኛው ድሃና ብዙ ቋንቋ ያላት ሕንድ በነሐሴ ወር 2019 እ.ኤ.አ. የካሽሚርን ኢንተርኔት ስትዘጋ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በጥር 2020 እ.ኤ.አ. የመዝጊያ ትእዛዝ ሁሉ እንዲታተም፣ የተጎዳ ሰው እንዲከራከርበት፣ ጊዜ የሌለው መዝጋትም እንዳይፈቀድ ወሰነ። ሕንድ ከዚያም በኋላ መዝጋቷን አልተወችም፤ ነገር ግን ተበዳዩ ለዳኛ የሚያሳየው ወረቀት አገኘ። በዚያው ዓመት የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት፣ ቶጎ በ2017 እ.ኤ.አ. በሰልፍ ጊዜ ኢንተርኔት መዝጋቷ የሕግ መሠረት የሌለው ነው ሲል ፈረደባት።

የገመናችንም ጉዳይ ከዚሁ አይርቅም። የፋይዳ መታወቂያ ጣታችንን፣ ፊታችንንና የዐይናችንን ብሌን ሲመዘግብ፣ ሕጉ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 1321/2016፣ ቆይቶ መጣ፤ ጎተራው ሞልቶ ቁልፉ በኋላ እንደ ተገዛ ማለት ነው። ቁልፉም ቢሆን መልካም ነው፤ መረጃዬን ማን እንደ ያዘው የመጠየቅ መብት ሰጥቶኛልና። የነፍስ አባት የሰማውን ምሥጢር በአደራ ሲይዝ ንስሐ የገባው ሰው ቢያንስ አባቱን በመልክ ያውቀዋል፤ መዝገቤን ከፍቶ ያየው የመንግሥት ሠራተኛም በስም ሊታወቅልኝ ይገባል።

የመዝጊያው ትእዛዝም በነጋሪት ጋዜጣ ቢወጣ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፦ የፈራሚው ስም፣ የሕጉ ቁጥር፣ ምክንያቱ፣ የሚዘጋው ቦታ፣ የሚከፈትበት ቀን፣ ቅር የተሰኘ ሰው አቤት የሚልበት ችሎት።