ዋንጫው የኮሌጁ፣ ድካሙ የሮኖ

በ1970ዎቹ ለአሜሪካ ኮሌጆች የሮጡ ሰዎች ዛሬ ሰባ ዓመት አካባቢ ሆኗቸዋል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሲገናኙ ጨዋታቸው አይለወጥም። በረዶው፣ ጭቃው፣ ኃይለኛው አሰልጣኝ፣ ያ የማይወዱት የጎረቤት ኮሌጅ። የኦሪገን ልጆች የዩጂንን ከተማና የሄይዋርድ ፊልድን መም ያነሳሉ። ስቲቭ ፕሪፎንቴይን በ1975 በመኪና አደጋ የሞተበት ቋጥኝ ዘንድ ዛሬም ሯጮች ጫማና ሜዳልያ ያስቀምጣሉ። የዋሽንግተን ስቴት ልጆች ደግሞ ስለ ፑልማን ስንዴያማ ኮረብቶች ያወራሉ።

ትዝታ መብት ነው፤ ማንም አይከለክልም። ነገር ግን ከጨዋታው መሃል ሁሌም አንዲት ቅሬታ ብቅ ትላለች፦ አንዳንድ አሰልጣኞች ዕድሜያቸው የገፋ አፍሪካውያንን አምጥተው የልጆችን ውድድር አበላሹት የምትል። ሰሞኑን ይህች ቅሬታ እንደገና ጉልበት አግኝታለች፤ ኬንያውያን ወጣቶች በአሜሪካ ኮሌጆች በዝተዋልና። አዲስ አበባ ደግሞ የዚህ ግልባጭ የሆነ ወሬ ይሰማል፦ ኮሌጅ ሯጭ ይገድላል የሚል። ሁለቱም ወገኖች ስለ ሯጩ የሚያወሩ ይመስላሉ። ሁለቱም ግን ሯጩን አይጠይቁትም።

መጀመሪያ ውድድሩ እንዴት እንደሚቆጠር ማወቅ ይጠቅማል። በኮሌጅ አገር አቋራጭ አንድ ቡድን ሰባት ሯጭ ያሰልፋል፤ የሚቆጠሩት የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ናቸው። የገቡበት ደረጃ ይደመራል፣ ትንሽ ቁጥር ያለው ያሸንፋል። አምስቱም ተከታትለው ከፊት ቢገቡ ድምሩ 15 ይሆናል፤ ከዚያ በታች የለም። በ1981 በኤል ፓሶ የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ17 ነጥብ የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያን ያህል የወረደ ነጥብ ያስመዘገበ የለም። አሰልጣኙ ቴድ ባንክስ ያን ቡድን የገነባው በአፍሪካውያን ነበር። በ1975፣ በ1976፣ ከዚያም ከ1978 እስከ 1981 በተከታታይ ዋንጫው ወደ ሜክሲኮ ድንበር፣ ወደዚያ በረሃ ሄደ። በመሃል በ1977 ብቻ ኦሪገን ነጠቀው።

በግል ውድድሩ ደግሞ ትልቁ ፉክክር በዋሽንግተን ስቴትና በኦሪገን መካከል ነበር። የዋሽንግተን ስቴቱ አሰልጣኝ ጆን ቻፕሊን ኬንያውያኑን ሄንሪ ሮኖንና ሳምሶን ኪሞምብዋን አመጣ። ኪሞምብዋ በ1977 ሄልሲንኪ ላይ የ10,000 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ሮኖ በ1976፣ በ1977 እና በ1979 የአገር አቋራጭ ሻምፒዮን ሆነ። በ1978 ያሸነፈው የኦሪገኑ አልቤርቶ ሳላዛር ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ሮኖ ሲመለስ ሳላዛር ሁለተኛ ወጣ። የኦሪገን አዛውንት ይህን ፉክክር ሲያወሩ ዓይናቸው ያበራል።

እንግዲህ እዚህ ላይ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሮኖን ከታሪኩ ብታወጡት ምን ይቀራል? ሳላዛር ትልቅ የሆነው ከፊቱ ትልቅ ሰው ስለነበረ ነው። ተበላሸ የሚሉት ዘመንና አምሳ ዓመት ሙሉ የሚናፍቁት ዘመን አንድ ናቸው። በአንድ ምላስ ውድድሩ ተበላሸብን፣ በሌላው እንደዚያ ያለ ውድድር ዳግም አልታየም ማለት አይቻልም።

ደግሞስ «የእኛ ልጅ» የሚሉት ማን ነው? ሳላዛር የተወለደው ሃቫና፣ ኩባ ነው። በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር አሜሪካ የገባ ስደተኛ ነበር። ቅሬታ አቅራቢዎቹ ግን እንደ ባዕድ ቆጥረውት አያውቁም። ደግም አደረጉ፤ ባዕድ አልነበረምና። ጥያቄው ያ ልግስና ለምን ሮኖ ዘንድ ሲደርስ እንደሚያልቅ ነው። (ንጹሑ የአገር ልጅ ከባዕድ ጋር ተጋፈጠ የሚለው ተረት በሌላም በኩል አያዋጣም። ሳላዛር አሰልጣኝ ከሆነ በኋላ በ2019 የአበረታች ንጥረ ነገር ደንቦችን በመጣስ ለአራት ዓመት ታግዷል።)

የዕድሜው ጉዳይ ግን ሐሰት አይደለም፤ መካድም አያስፈልግም። ሮኖ በ1952 ተወልዶ፣ በኬንያ ጦር ውስጥ አገልግሎ፣ በ24 ዓመቱ ነው ከ18 ዓመት ልጆች ጋር የተሰለፈው። የአንድ የኦሪገን አንደኛ ዓመት ተማሪ ወላጅ ቢናደድ አይፈረድበትም። የኮሌጅ ስፖርቱን የሚያስተዳድረው ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ በኋላ ደንብ አወጣ፤ ከተወሰነ ዕድሜ በኋላ የተደረገ ይፋዊ ውድድር ከሯጩ የኮሌጅ ዓመታት ላይ ይቀነስ አለ። ደንብ ለሁሉም እኩል እስከሆነ ድረስ ክፋት የለውም።

ግን ለሁሉም እኩል ሲነሳ አይታይም። በ2024 የወንዶቹንም የሴቶቹንም የአገር አቋራጭ ዋንጫ የወሰደው በዩታ የሚገኘው ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ነው። የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ተቋም ነው፤ ከወንድ ሯጮቹ ብዙዎቹ ሁለት ዓመት ወንጌል ሰብከው የሚመለሱ ናቸው። ስለዚህ 23 እና 24 ዓመት የሞላቸው ተማሪዎች እዚያ ብርቅ አይደሉም። ማንም ይህን ስርቆት ሊለው አይገባም። ነገር ግን አንድ የዩታ ልጅ በ24 ዓመቱ ሲሮጥ «በሰለ» ይባላል፤ አንድ የናንዲ ልጅ በ24 ዓመቱ ሲሮጥ «አጭበረበረ» ይባላል። ልዩነቱ የዕድሜ አይደለም።

ያው 2024 ሌላም ነገር ያሳያል። በዚያ ዓመት በወንዶች አንደኛ የወጣው የሃርቫርዱ አሜሪካዊ ግራሃም ብላንክስ ነው፤ ካለፈው ዓመት ጋር ሁለተኛ ድሉ ነበር። ተከትሎት የገባው ለኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ የሚሮጠው ኤርትራዊው ሀብቶም ሳሙኤል ነው። በሴቶች ያሸነፈችው የአላባማዋ ኬንያዊት ዶሪስ ሌምንጎሌ ናት። አንዱ ያሸንፋል፣ አንዱ ይሸነፋል። በር ተዘጋብን የሚለው ጩኸት ከውጤቱ ሰሌዳ ጋር አይገጥምም።

አሁን ትዝታው ወደሚዘለው ነገር እንምጣ።

በ1978 ሄንሪ ሮኖ በ81 ቀናት ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሰበረ። ሚያዝያ ላይ በርክሌይ 5,000 ሜትር፣ ግንቦት ላይ ሲያትል 3,000 ሜትር መሰናክል፣ ሰኔ ላይ ቪየና 10,000 ሜትር፣ በዚያው ሰኔ ኦስሎ 3,000 ሜትር። ተማሪ ነበር፤ በመሃል ክፍል ነበረው፣ ፈተና ነበረው። በዚያው ዓመት መጨረሻ በኮሌጆች አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ላይ ግን ከ200ኛ በኋላ ገባ። ያ ውጤት በአዛውንቱ ጨዋታ ላይ እንደ ቀልድ ይነሳል። ቀልድ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ የተጋለበ ሰው ነው።

ልብ ይባል፤ ከ1973 ጀምሮ የአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ስኮላርሺፕ በየዓመቱ የሚታደስ ነበር። ይታደስ ወይም አይታደስ የሚለው ነገር በአሰልጣኙ ፍላጎት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ለአሜሪካዊው ልጅ ስኮላርሺፕ ማጣት ወደ አባቱ ቤት መመለስ ነው። ለሮኖ ዓይነት ሰው ግን ትምህርቱም፣ መኝታውም፣ አሜሪካ የመቆየት ፈቃዱም በአንድ ክር የታሰሩ ናቸው። «ደክሞኛል» ማለት ለሁለቱ እኩል ዋጋ የለውም። አብረው የሮጡት ሰዎች አንድ ዓይነት ማሊያ ለብሰው ነበር፤ አንድ ዓይነት ውል ግን አልነበራቸውም።

ሮኖ ኦሊምፒክ ሮጦ አያውቅም። በ1976 አፍሪካውያን ኒውዚላንድ ከአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ጋር ራግቢ ተጫወተች ብለው ሞንትሪያልን ሲረግጡ ኬንያም ቀረች፤ ኢትዮጵያም ቀረች፣ ምሩጽ ይፍጠርም ሳይሮጥ ተመለሰ። በ1980 ኬንያ ከአሜሪካ ጎን ቆማ ሞስኮንም ቀረች። ከዚያ በኋላ ያለው የሮኖ ሕይወት በስብሰባዎቹ ላይ እምብዛም አይወራም፦ መጠጥ፣ መጠለያ ማጣት፣ በአልበከርኪ አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኛ ሻንጣ መሸከም። በየካቲት 2024 ኬንያ ውስጥ በ72 ዓመቱ አረፈ። ያን ጊዜ የመታሰቢያ ጽሑፍ በዛ።

ይህ ማለት ግን አዲስ አበባ ላይ የሚወራው «ኮሌጅ ሯጭ ይገድላል» ትክክል ነው ማለት አይደለም። በዚያው 1980 ሞስኮ ላይ ምሩጽ «ማርሽ ቀያሪው» 5,000 ሜትሩን ሲያሸንፍ፣ አንድ ሰከንድ በማይሞላ ልዩነት ተከትሎት የገባው ታንዛኒያዊው ሱሌይማን ኒያምቡዪ የኤል ፓሶ ተማሪ ነበር። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ኮሌጆች አገር አቋራጭ ሻምፒዮንም ሆነ። ኮሌጁ አልገደለውም፤ በ1987 እና በ1988 የበርሊን ማራቶንን አሸነፈ፣ በኋላም አሰልጣኝና የአገሩ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ዋና ጸሐፊ ሆኖ ሠራ። በ1981 በዚያ የ17 ነጥብ ቡድን ውስጥ አንደኛ የገባው ማቲውስ ሞትሽዋራቴዉ ደግሞ ጥቁር ደቡብ አፍሪካዊ ነው። አገሩ በአፓርታይድ ምክንያት ከዓለም ውድድር ታግዳ ነበር። ለእርሱ ኤል ፓሶ ከዓለም ምርጥ ሯጮች ጋር የሚሮጥበት በር ነበረች።

የሐበሻ ስምም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። በ2012 ሻምፒዮን በሆነው የኦክላሆማ ስቴት ቡድን ውስጥ ኢትዮጵያ የተወለዱት ግርማ መቸሶና ኪሩቤል ኤራሳ ነበሩ። በ2019 የሴቶች አገር አቋራጭ ሻምፒዮኗ የኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ኤርትራ የተወለደችው ወይኒ ቀላቲ ነበረች፤ በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ለአሜሪካ 10,000 ሜትር ሮጣለች። ሁሉም ግን ኮሌጁ ጋ የደረሱት አስቀድመው አሜሪካ ስለገቡ ነው። ከበቆጂ ወይም ከአሰላ ተመልምለው አይደለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሯጭ ቤት ግቢ ሳይሆን ክለብ ነው። ሻለቃ ኃይሌ፣ ኮሎኔል ደራርቱ የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጃን ሜዳ ላይ የመከላከያና የኦሜድላ ፉክክር ከዩጂንና ከፑልማን አያንስም፤ የሚተርከው ቢገኝ ትዝታውም አያንስም። ክለቡ ደመወዝ ይከፍላል፣ ማዕረግ ይሰጣል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን አንድ የሚገርም ነገር አለ። የበቆጂው ስንታየሁ እሸቱ፣ ደራርቱንና ቀነኒሳን በልጅነታቸው ያሠለጠነው፣ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበር። ሯጩን የሚያገኘው ትምህርት ቤት ነው። ሯጩ ሲገኝ መጀመሪያ የሚተወው ደግሞ ያንኑ ትምህርት ቤት ነው።

ኮሌጅ ሯጭ ይገድላል የሚሉ ሰዎች የሚጠቅሱት ዘወትር ያሸነፉትን ነው። ያላሸነፉትስ? በ22 ዓመቱ ጉልበቱ ተጎድቶ ከክለብ የተሰናበተ፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ ልጅ የት ነው ያለው? የእርሱ ጉዳይ በፌዴሬሽን ጉባኤ ላይ ሲነሳ አይሰማም። በእርሱ ዕድሜ ያለ፣ በአላባማ ወይም በኒው ሜክሲኮ ስምንተኛ ሆኖ የሚገባ፣ ስሙን ማንም የማያውቀው ኬንያዊ ቢያንስ ትራንስክሪፕት አለው።

በሩ ደግሞ እየጠበበ ነው። በ2025 በጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት ኮሌጆች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ ገንዘብ መክፈል ተፈቅዶላቸዋል፤ በስምምነቱ የገቡት ኮሌጆች ግን በአገር አቋራጭ ቡድን ከ17 በላይ ሯጭ መያዝ አይችሉም። በተማሪ ቪዛ ያለ የውጭ ዜጋ ደግሞ በስሙና በምስሉ ገንዘብ እንዳይሠራ ቪዛው ራሱ ያስረዋል። ስለዚህ አንድ ወኪል በቆጂ ድረስ መጥቶ አሜሪካ እልክሻለሁ ሲላት፣ ቤተሰቧ ስለ ሽልማቱ ከመጠየቁ በፊት ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፦ ስኮላርሺፑ የስንት ዓመት ነው? በሁለተኛው ዓመት እግሯ ቢሰበር የትምህርቱን ክፍያ ማን ይሸፍናል? ይህስ በጽሑፍ የት ላይ ነው ያለው?